ክንዴን በአልትራሳውንድ ያዩልኝ ቀን

ኮሮናው ሳንባዬን ለቀቀ፤ ቀኝ እጄን ግን አልለቀቀም። ሆስፒታል ሳለሁ ትንፋሽ እንዳገኝ ብለው ለረጅም ሰዓት በሆዴ ያስተኙኝ ነበር። ሲሻለኝ ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ደንዝዘው ቀሩ፤ እስክሪብቶ ይዤ ሁለት መስመር ሳልጽፍ ይንሸራተትብኛል። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ዘግይቶ የመጣው ጽሕፈት ቀድሞ ሊሄድብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ታላቅ እህቴ «ጅማትሽ ዞሮ ነው» አለችና ከአማኑኤል ከተማ ወጌሻ አስጠራች፤ መታሻ ቅቤም አዘጋጀች።

«መጀመሪያ በምስል ይታይ» አልኳት።

«ይታይልሽ። ማታ ግን ትታሻለሽ።»

ማርቆስ ከተማ ባለው የአልትራሳውንድ ክሊኒክ በር ላይ ተራ ከሚጠብቁት ሴቶች አብዛኞቹ እርጉዞች ናቸው። መቀመጥ አቃተኝ። እነሣለሁ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አነባለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እነሣለሁ። እርጉዝ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አንዲት እናት አዩኝ።

«ምን ያንቆራጥጥሻል ልጄ? ማርያም በሽልም ታውጣሽ።»

«አሜን። እኔ ግን እጄን ልታይ ነው፣ እማማ።»

«እጅ ደሞ ምን አርግዞ ነው?»

«እስክሪብቶ» አለች አብራኝ የመጣችው እህቴ።

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እግሬ ግን አላረፈም።

ሐኪሟ ክርኔን ቀዝቃዛ ቅባት ቀባችና መሣሪያውን ወዲያ ወዲህ አንሸራተተችው። ስክሪኑ ላይ ግራጫና ጥቁር ብቻ ነው የታየኝ።

«ነርቩ የቱ ነው?»

«ይቺ ክብ ያለችው። እዚህ ጋ አብጣለች፣ አዩ?»

«ተበጥሳለች?»

መሣሪያውን ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች ወሰደችው።

«አልተበጠሰችም። በሆድዎ ሲተኙ ተጭነዋት ተጎድታለች። ወራት ይፈጃል እንጂ ልታገግም ትችላለች። ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም።»

«ብትታሽስ?» አለች እህቴ።

«በፍጹም። ክርናቸውን መጫን ያባብስባቸዋል።»

ባጃጅ ውስጥ እህቴ ለወጌሻው ደወለች። «አባቴ፣ ይቅርታ፣ ዛሬ አይምጡ። ኧረ ሌላ ወጌሻ አላመጣንም፤ ነርቭ ነው አሉን።» ትንሽ አዳምጣ ስልኩን ዘጋች።

«ምን አሉሽ?»

«'እኔ አጥንት እንጂ ነርቭ መች አውቃለሁ' አሉ። ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረ!»

እኔ ሁለቱን ጣቶች ጉልበቴ ላይ እየጫንኩ እሞክራለሁ። ጉልበቴ ጣቶቹን ያውቃቸዋል፤ እነሱ ጉልበቴን አያውቁትም። ደግሜ ጫንኳቸው።

«ተያቸው» አለች እህቴ እጄን ይዛ። «ሐኪሟ ወራት ይፈጃል ብላሻለች እኮ፤ ገና ከክሊኒኩ በር መውጣታችን ነው።»