ስለ ፍቅር ስንወያይ የዘገየው መርዶ

የጥንት ግሪክ ፈላስፎች ፍቅርን ከማንም አብልጠው አውቀውታል ይባላል። አላወቁትም። ያወቁበት መከፋፈሉን ነው። ይህን የምለው ሳላነባቸው አይደለም። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ፣ አፕታውን የሚባል ሰፈር ውስጥ በአንድ ጠባብ ሳሎን፣ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ አንብቤያቸዋለሁ። ንባቡ በአንድ ሰው ላይ ያደረሰውንም አይቻለሁ።

የጥናት ክበብ ነበረን። በንጉሡ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው የትም ቢሰደድ ሁለት ነገር ይዞ ይሄዳል፤ የጨጓራ በሽታና የጥናት ክበብ። ድሮ የምናጠናው አብዮትን ነበር። አብዮቱ መጥቶ ከቀመስነው በኋላ ለሱ የነበረን ጉጉት በረደ፤ ስብሰባ መውደዳችን ግን አልለቀቀንም። አጀንዳውን ብቻ ቀይረን ፍቅርን ማጥናት ጀመርን።

ሊቀመንበራችን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ፤ ሳሎኑም የሳቸው ነው። አገር ቤት አስተማሪ ነበሩ፣ እዚህ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ይቆርጣሉ። እጅ ሳያወጣ የሚናገር ሰው አይወዱም። ኮሌጅ ውስጥ ሒሳብ የምታስተምር፣ ምላሷ ስለት የሆነ አንዲት ሴትም ነበረች። የቀሩት ይመጣሉ እንጂ አያነቡም።

አንድ ሰዓት ያህል በመኪና ርቆ ሳን ሆዜ የሚኖረውን የትምህርት ቤት ጓደኛዬንም አንድ ጊዜ ይዤው መጥቼ ነበር። ኩፐርቲኖ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ በማታ ሺፍት ይሠራል። የዚያን ቀን ጋሼ የሚያስረዱት ፍቅር መሰላል ነው የሚለውን ሐሳብ ነበር። ሰው በመጀመሪያ የአንዲትን ቆንጆ መልክ ይወዳል፤ ከዚያ የሁሉንም መልክ፣ ከዚያ የነፍስን ውበት፣ ከዚያ የእውቀትን፣ በመጨረሻም መልክ የሌለውን ውበት ራሱን።

ጓደኛዬ እጁን አወጣ። "ጋሼ፣ ልጅቷስ?"

"የቷ ልጅ?"

"የመጀመሪያዋ። እኛ ስንወጣ ታች ሆና መሰላሉን ትያዝልን?"

ሒሳብ አስተማሪዋ ከት ብላ ሳቀች። ጋሼ አልሳቁም። ጓደኛዬም ተመልሶ አልመጣም።

ፋሲካ ሲቃረብ፣ አንድ እሁድ ጋሼ ከአጀንዳው በፊት አቀርቅረው፣ "የሳን ሆዜው ልጅ እናቱ አርፈዋል" አሉን። ዘመዶቹ ከአዲስ አበባ የደወሉት ለሳቸው ነው፤ ቀስ ብላችሁ ንገሩት ብለዋል። እኝህን እናት አውቃቸዋለሁ። ተማሪ ሳለን ስንቱን ምሳ ከልጃቸው ጋር አብልተውኛል።

መርዶ ደግሞ ወግ አለው። ሌሊቱ ሲነጋጋ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ከፊት ሆኖ የሚያረዳው የቅርብ ወዳጅ ነው። ጋሼም "የቅርብ ወዳጁ ማን ነው?" ብለው ጠየቁ። ዕድላችን ሆኖ የዚያ እሁድ ንባብ ስለ ወዳጅነት ነበር። ወዳጅነት ሦስት ዓይነት ነው፤ የጥቅም፣ የደስታና የበጎነት፤ እውነተኛው ሦስተኛው ብቻ ነው ይላል።

"እኔ መኪናዬ ሲቆም ነው ኮል የማደርግለት" አለች ሒሳብ አስተማሪዋ። "በንባባችን መሠረት የጥቅም ነኝ። ወድቄያለሁ።"

"አንተስ?" አሉኝ ጋሼ።

"አብሮ አደጌ ነው።"

"እሱ ትዝታ ነው። አሁን ስትገናኙ ምን ታደርጋላችሁ?"

"ካርታ እንጫወታለን። እንሰዳደባለን።"

"የደስታ" አሉና ጣታቸውን አጠፉ። "የበጎነት ወዳጁ ነኝ የሚል? እጅ!"

እጅ የሚያወጣ ጠፋ። በዚያ ሳሎን ውስጥ በጎ ነኝ ብሎ እጅ ማውጣት ለሳምንት መሳቂያ ያደርጋል። ጉዳዩ ለሚቀጥለው እሁድ ተላለፈ።

በሚቀጥለው እሁድ ኦቨርታይም ላይ ነው፣ ደክሞታል ተባለ። ከዚያ ፆሙን ይፍታ። ከዚያ ደግሞ የዜግነት ኢንተርቪው አለበት፣ እሱ ይለፍለት። እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ። እሱ ለፋሲካ አገር ቤት ሲደውል፣ ዘመዶቹም እንደኛው ሆነው "እማማ ፀበል ሄደዋል" ብለውታል። ሁሉም ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረው፤ "ለሱ ስንል ነው።"

ከነዚያ ግሪኮች አንዱ፣ ወዳጅ ማለት ለወዳጁ መልካም የሚመኝ፣ ያንንም ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ወዳጁ ሲል የሚመኝ ነው ብሏል። ሐሳቡ በጣም አማረን። ግን እስቲ ማን ስለ ማን ሲል ነበር ዝም ያለው? የሰው ፊት ሲፈርስ ማየት ስለሚከብደን ነው የሸሸነው። ዝምታችን ለኛ ተመቸን፤ ስሙን ግን "ለሱ" አልነው።

ከፋሲካ በኋላ፣ ክበቡም ጓደኛዬም የተጠራንበት የሳን ፓብሎው ሰርግ አልፎ፣ አንድ ቀን ጠዋት ጓደኛዬ ደወለልኝ።

"ዛሬ ና። ማክሰኞ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ። ለእማዬ ካሴት እየቀዳሁላት ነው፣ ያንተንም ድምፅ ትስማ።"

"ዛሬ ሥራ..."

"ኤክስኪዩዝ አልፈልግም። ሽሮዋን ስትጨርስ ሥራ አለብኝ ብለህ ታውቃለህ? ና!"

ስልኩን ዘግቼ ጋሼ ዘንድ ደወልኩ። ዛሬ እነግረዋለሁ አልኳቸው።

"ብቻህን? በጠራራ ፀሐይ? ሰው ሳይሰበሰብ?"

"ጋሼ፣ ካሴት እየቀዳላቸው ነው እኮ!"

"እሁድ እንወስናለን" አሉ።

ፍሪዌይ ላይ እስከ ሳን ሆዜ ድረስ በመኪናው ውስጥ ብቻዬን ስሰድብ ሄድኩ። መጀመሪያ ጋሼን፣ ቀጥሎ ክበቡን፣ ኋላም ግሪኮቹን።

ጓደኛዬ ቴፑን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ አድርጎ አስቀምጦታል። ግማሹን ቀድቷል። ከመስኮቱ ሥር ስላለው የአፕሪኮት ዛፍ ለእናቱ ነግሯቸዋል። ፋብሪካው ከራስ እስከ እግር ነጭ ስለሚያለብሰው "ክህነት ተቀብያለሁ" ብሎ ቀልዶባቸዋል። ስገባ ቁልፉን ተጭኖ ወደ ቴፑ ጎንበስ አለ።

"እማዬ፣ ይኸው ያ ሆዳሙ መጣልሽ። አሁን ደግሞ ራሰ በራ ሆኗል። በል ተናገር!"

ማይክሮፎኑን አስጨበጠኝ። አፌን ከፈትኩ፤ እንደምን ነዎት የሚለው ቃል አልወጣም።

"ምን ሆነሃል? ዳኛ ፊት ነው እንዴ የቀረብከው? ካሴቱ እየዞረ ነው እኮ።"

ቴፑን አጠፋሁት።

"እማማ አርፈዋል" አልኩ። ልክ እንደዚህ፣ ያለ መግቢያ።

እኔን አላየኝም፤ ቴፑን ነው ያየው። "መቼ?"

"ከፋሲካ በፊት።"

"ማን ያውቃል?"

"ክበቡ።"

"ሁላችሁም?"

"ሁላችንም።"

"እና እሁድ እሁድ ተሰብስባችሁ ምን ስትሉ ነበር?"

ልዋሽ እችል ነበር። "ስለ ፍቅር ስንወያይ" አልኩት።

ሰው ፊት ላይ እንደዚያ ያለ ንቀት አይቼ አላውቅም። "እኔ ጨፍሬያለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "ሳን ፓብሎ ሰርግ ላይ፣ እናቴ አፈር ውስጥ ሆና፣ ጨፍሬያለሁ። እስክስታ ስመታ ከብባችሁ አጨበጨባችሁልኝ። እያወቃችሁ!" ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰው።

በማግስቱ ማለዳ ክበቡ ድስት ይዞ፣ ጥቁር ለብሶ መጣ። ወዳጅነትን በሦስት ሲከፋፍሉ የከረሙ ሰዎች በሩ ላይ ሲደርሱ ጮኸው አለቀሱ፤ ለቅሶው ደግሞ የውሸት አልነበረም። እኔን ይበልጥ ያናደደኝ ያ ነው። ጋሼ እንባቸውን እየጠረጉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ሥርዓት አፍርሰሃል" አሉኝ። ጓደኛዬ ሁሉንም አንድ በአንድ አቀፈ። ሒሳብ አስተማሪዋን "አንቺ እንኳ?" አላት፤ ድስቷን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች። እኔን አላቀፈኝም። ከአጠገቡ ስቀመጥ ግን ተነሥ አላለኝም።

ክበቡ ከዚያ በኋላ ፍቅርን ጨርሻለሁ ብሎ ወደ ፍትሕ ተሻገረ። እኔ አልሄድኩም። ጓደኛዬና እኔ አሁንም እንገናኛለን። ካርታ ግን አንጫወትም፣ መሰዳደቡም ቀርቷል፤ ስለዚህ በጋሼ አከፋፈል የደስታ ወዳጅነታችን አብቅቷል። በምን እንደተተካ መጻሕፍቱን ደጋግሜ አገላብጬ አላገኘሁትም። ወዳጅ ማን እንደሆነ በሰፊው ጽፈዋል፤ ወዳጅ መርዶ ይዞ መቼ መሄድ እንዳለበት ግን አንዱም አልጻፈም።

አንተም፣ አንቺም፣ "ለሱ ስንል ነው" እያላችሁ የያዛችሁት መርዶ ካለ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና ዛሬውኑ ሄዳችሁ ንገሩት። እሁድን አትጠብቁ።