ሺሺንዳን የዘለለው ጊታር

የተድላ ሬዲዮ ጥገና ቤት ከቦንጋ መናኸሪያ ወረድ ብሎ ነው፤ ከሠናይት ልብስ ስፌት ቤት ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራል። ጠዋት ጉሙ ሳይነሣ በዚያ ያለፈ ሰው፣ ከግድግዳው ወዲህ ጊታር፣ ወዲያ የስፌት መኪና ሲነጋገሩ ይሰማል። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር እዚያ ቆሜ አዳምጣለሁ። ጭቃው ራሱ የሚተነፍስ ይመስለኛል።

ጊታሩ መንግሥት ሲለወጥ ከተበተነው የቀበሌ ኪነት ቡድን የተረፈ ነው። ሙዚቃውን ግን ተድላ ያገኘው ከአንድ ካሴት ነው። አንድ የቡና መኪና ሾፌር ቴፑን ለጥገና አስቀምጦ በዚያው ቀረ፤ በውስጡ ካሴት ነበር። በላዩ ዜና ተቀድቶበት፣ ከዘፈኑ የተረፈው አንድ ዙር ብቻ ነው። እሱንም ቴፑ በልቶት ስለነበር ተድላ የተጨማደደውን ክር በምላጭ ቆርጦ በፕላስተር ቀጠለው። ያቺን ቁራጭ እያጠነጠነ ዓመቱን ሙሉ ሰማት፤ ተማራትም። ብሉዝ የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን እንደሆነች ያወቀው ቆይቶ ነው።

ብሉዝ ሦስት ኮርድ፣ አብረው የሚመቱ ሦስት የድምፅ ጥምሮች፣ ይበቃዋል። ስማቸውን የሚነግረው ስላልነበረ ተድላ ከቦንጋ በሺሺንዳ አልፎ ዋጫ በሚያደርሰው፣ በሚያውቀው የመኪና መንገድ ላይ ባሉት ከተሞች ሰየማቸው። ዘፈኑ የሚነሣበትና የሚያርፍበት ኮርድ ቦንጋ ነው። ወጣ ያለው ሺሺንዳ። ከሁሉ ርቆ፣ ልብን ወደ ቤት ወደ ቤት የሚያሰኘው ደግሞ ዋጫ። አንዳንድ ቀን ገና ከመነሣቱ ሺሺንዳን ብቅ ብሎ አይቷት ይመለሳል። አንዳንድ ቀን ቤት ሊገባ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ፊቱን ወደ ዋጫ ያዞራል፤ ያኔ ዘፈኑ ማረፍ ትቶ እንደገና ይነሣል። ዝናብ ሲያባራ ቦንጋን ራሷን ያጨልማታል፤ ጉም ለበሰች ይላል። ያው ሦስት ቦታ፣ ያው መንገድ፣ ግን እንደ ጉዞው ሌላ አገር! ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሠናይት በስፌት መኪናዋ ላይ ስታንጎራጉር ሰምቶ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በእትዬ በላይነሽ ሻይ ቤት አብራው እንድትዘፍን ለመናት። ግጥሙን ራሷ ገጠመችው። የመጀመሪያውን ስንኝ ሁለት ጊዜ ትደግመዋለች፦

ጉሙ ደጄን ዘጋው፣ የመጣውን አላይ፤
ጉሙ ደጄን ዘጋው፣ የመጣውን አላይ፤
ድምፅህን አሰማኝ እንጂ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ ከታች እስከ ላይ።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ ግን ሁልጊዜ ትጠፋ ነበር። ድምጿ ገና አየር ላይ እያለ ተድላ ከዋጫ ዘሎ ቦንጋ ገብቷል። እሷ ትቸኩላለች፣ ትደናገራለች፣ ዝም ትላለች። እሱም ካሴቱን አምኖ፣ ቶሎ ውረጂ ይላታል። አንድ ቅዳሜ ሻይ የሚጠጡት ሲስቁ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ጆሮ ሳይኖረኝ ምን አግብቶኝ አለች፤ ዳግመኛም አልዘፍንም አለች። ከግድግዳው ወዲያ መኪናው ብቻውን ሲሰፋ ሰነበተ። ማንጎራጎሩ ቀረ። ተድላ ጊታሩን ያነሣና መልሶ ይሰቅለዋል፤ ያለ እሷ ድምፅ የትም መድረስ አቃተው።

ክረምቱ ሲወጣ ዋጫ ላይ ሰርግ ነበር። እሷ የሙሽራዋን ልብስ ለማድረስ ሄዳለች፣ እሱ ደግሞ ድምፅ ማጉያ ሊጠግን። ሲመለሱ አንድ ሚኒባስ ውስጥ ገጠሙ። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሾፌሩ ካሴት ከፈተ።

ተድላ ያቺን ዘፈን በመጀመሪያው ምት አወቃት። ያቺው ናት፤ ግን ሙሉዋ ናት፤ እየዞረች ትመጣለች። በተረከዙ ምቱን እየቆጠረ ተከተላት። ከዋጫ ስትመለስ እሱ ቦንጋ ገብቶ ጠበቃት፤ ዘፈኗ ገና አልደረሰችም። በሁለተኛው ዙርም አልደረሰች። ዘፋኙ ከዋጫ ወርዶ ሺሺንዳ ላይ ያርፋል፤ የሠናይት ድምፅ ሁልጊዜ ሊያርፍ የሚፈልገው እዚያ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ቤት የሚገባው። ሚኒባሱ ተሳፋሪ ለመጫን ቆመ። ውጭው ጉም ነው፤ ረዳቱ፣ ሺሺንዳ፣ ሺሺንዳ፣ የሚወርድ ይላል።

ተድላ ወደ እሷ ዞረ።

«ሠናይት፣ የሳትኩት እኔ ነኝ። ያንን ካሴት ስቀጥል ይህችን ሺሺንዳን ቆርጬ ጥያታለሁ። አንቺ ትክክል ነበርሽ።»

ሠናይት ፊቷን ከመስኮቱ ወደ እሱ መለሰች። ከከንፈሯ ጫፍ ፈገግታ ቢጤ ሾልኮ ወጣ።

«ልብስ እንደዚህ ቆርጬ ብሰጥ ማን ይለብስልኛል?» አለችው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሻይ ቤት መጣች። እትዬ በላይነሽ ብርጭቆ እያለቀለቁ፣ «አንተ ተድላ፣ ዛሬም ልጅቷን መንገድ ላይ ጥለህ ልትገባ ነው?» አሉት። ሰው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች።

ሦስተኛው ስንኝ ሲደርስ ተድላ ከዋጫ ተነሥቶ ሺሺንዳ ገባ። የሠናይት ድምፅ እዚያው መጥቶ አረፈ። ወደ ቦንጋ መሄጃው ሲደርስ ግን አልሄደችም። ዓይኗን ጨፍና፣ መዳፏን በቀስታ ወደ እሱ ዘረጋች፤ ቆይ ማለቷ ነው። ተድላ ቆየ። ተረከዙ ይመታል፣ ጣቶቹ ያቺኑ ኮርድ ይደጋግማሉ፣ ዙሩ ከልኩ አልፎ ይረዝማል። በሩ ላይ ጉሙ ወርዷል። የሻይ ብርጭቆ የሚያነሣ የለም።

ከዚያ፣ በራሷ ጊዜ፣ ወደ ቦንጋ ወረደች። እሱም ተከተላት።