ቀዩ ሲታይ

ሐሙስ ንጋት፣ አዳማ

ገና ጎህ ሲቀድ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደኝ ሚኒባስ በራችን ላይ ጡሩንባውን ነፋ። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ እስከ ግቢው በር ሸኘችኝ፤ ጉልበቷ ከዚያ አያልፍም። ጉንጬን አገላብጣ ሳመችኝና "ሚስማሩን አትርሺ" አለችኝ።

ሚስማሩ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ነው። ከወንድማችን የምረቃ ፎቶ አጠገብ ጎረቤት ጠርታ ያስመታችው ነው፤ እስካሁን ምንም አልተሰቀለበትም። የሚሰቀልበት የታላቅ እህቴ የሰናይት ፎቶ ነው። ሰናይት ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ ናይሮቢ ገባች። በሰው ምግብ ቤት ጓዳ ሽንኩርት እየከተፈች ወንድማችንን ያስመረቀችው እሷ ናት። ጋውን ለብሶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ግን እሱ ነው። ቅዳሜ እህቴ ሁርሊንግሃም በሚባል የናይሮቢ ሰፈር የራሷን ምግብ ቤት ትከፍታለች፤ እኔ ደግሞ አዳማ ላይ ስቱዲዮ ያለኝ ፎቶ አንሺ ነኝ። እናቴ በስልክ የሚላክ ፎቶ አትወድም። "ስልክ ሲዘጋ አብሮ የሚጠፋ ልጅ የለኝም" ትላለች።

ስለ ካሜራዬ ላውራ፤ ስለሱ ሳላወራ ውዬ አላውቅም። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ነው። ትእዛዙ በሙሉ በጃፓንኛ ነው፤ ቋንቋ መቀየሪያም የለውም። ከጃፓን ከተመለሰ አንድ መሐንዲስ በቅናሽ የገዛሁት በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ግን ፊደሎቹን በመልካቸው ለይቼ ይዣቸዋለሁ፤ መሰላል የሚመስለው የብርሃን ነው፣ ጃንጥላ የሚመስለው የቀለም። አዳማ ውስጥ ይህን ካሜራ ከእኔ በቀር ደፍሮ የሚነካው የለም። ቻርጀሩም እንደዚያው የጃፓን ነው፣ ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው። ለእኛ ሶኬት የሚሆን አዳፕተር አለኝ፤ ለኬንያው ባለ ሦስት ቀዳዳ ደግሞ መርካቶ ሄጄ ሌላ ገዛሁ። ባትሪዬ አንድ ነው፤ ረቡዕ ሰርግ ላይ ስለነበርኩ ግማሹ አልቋል። ምን ገዶኝ፣ ሁሉን አሟልቼ ነው የወጣሁት።

ሐሙስ፣ ናይሮቢ

ከአውሮፕላን ማረፊያው የተቀበለኝ ካማው ይባላል፤ የእህቴን ሸቀጥ የሚያመላልስ ኬንያዊ ሹፌር ነው። "እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለኝ፣ መልሴንም ራሱ ጨምሮ። አማርኛውን የለመደው እህቴ ጓዳ በር ላይ ቆሞ ነው። ከዚያ በላይ ስለማይሄድለት በእንግሊዝኛ ቀጠልን። ስንት ሰዓት ሆነ ብዬ ብጠይቀው፣ በስዋሂሊ ልክ እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ቆጥሮ ነገረኝ። እነሱም ጠዋቱን አንድ ብለው ነው የሚጀምሩት። ደስ አለኝ፤ በሰዓት ከተግባባን በሌላው መቼም አንቸገርም አልኩ።

የሞምባሳ መንገድ ሰፊ ነው። ከላዩ ሌላ መንገድ በምሰሶ ተሸክሟል፣ ከሥሩ ማታቱ የሚሏቸው የሕዝብ ሚኒባሶች ገላቸውን ሙሉ በሥዕል ተነቅሰው ሙዚቃቸውን እያንባረቁ ይጋፋሉ። እኔ በመስኮት ብቅ ብዬ ሳነሳ ሳነሳ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ስንደርስ ባትሪው እህል ውሃው አለቀ። 

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወፍራለች፣ ያምርባታል። "ቤቲዬ" ብላ አቀፈችኝ፤ እኔም "እታለም" ብዬ አንገቷ ውስጥ ገባሁ። ልብሷ ቅመም ቅመም ይሸታል። ስንላቀስ ካማው ሻንጣዬን ይዞ ወደ ሌላ ወገን ማየት ጀመረ።

የተሰጠኝ ክፍል ውስጥ አልጋው ራስጌ ሶኬት አለ። የእኛ ሶኬት ቀዳዳ ብቻ ነው፤ የእነሱ ግን በጎኑ ትንሽ ማብሪያ አለችው። ማብሪያዋ ላይ ቀይ መስመር ታየኝ። ቀይ ሲባል ለእኔ አደጋ ነው፤ የትራፊኩም፣ የቤንዚን ቦቴውም፣ የካሜራዬም ቀይ "ተይ" ነው የሚለኝ። ስለዚህ ጫን አደረግኋት፤ ቀዩ ተደበቀ። አሁን ሰላም ነው ብዬ ቻርጀሬን ሰካሁ። በዚያው ቅጽበት እህቴ "ራት ቀረበ" ብላ ተጣራች።

ዓርብ፣ ኢስትሊ

የቻርጀሬ ጠባይ እንዲህ ነው፦ እየሞላ ሳለ ቢጫ ያበራል፣ ሲሞላ ይጠፋል። ጠዋት ስነሳ ጠፍቷል። ሞልቷላ ብዬ ባትሪውን ካሜራው ውስጥ ከተትኩ። ካሜራው ዝም። መልሼ ቻርጀሩ ላይ አድርጌ አፍጥጬ ጠበቅሁ፤ ቢጫውም ዝም።

ወዲያው ምክንያት አገኘሁለት፤ እኔ ምክንያት አጥቼ አላውቅም። የእኛ ኮረንቲ ሁለት መቶ ሃያ ነው፣ የኬንያው ሁለት መቶ አርባ። ትርፉ ሃያ ቻርጀሬን ገድሎብኛል አልኩ።

እህቴ ማለዳ ወደ ሥራዋ ሄዳ ስለነበር ደወልኩላት። "ኢስትሊ ሂጂ፣ ሀዋ ጋ። የኤሌክትሪክ ዕቃ የምትሸጥ የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ እሷ ያጣችው ዕቃ የለም" አለችኝ።

ማታቱው መቶ ሽልንግ አስከፍሎ ጆሮዬን አደንቁሮ አወረደኝ። ኢስትሊ መርካቶ ነው፣ ፎቅ የተሠራለት መርካቶ። ጨርቅ፣ ፍራሽ፣ የግመል ወተት በፕላስቲክ፣ የስልክ ሽፋን፣ ሳምቡሳ። አማርኛው ከሶማሊኛው፣ ሶማሊኛው ከስዋሂሊው ይጋፋል። የሀዋን ሱቅ ሳላገኝ በፊት ሌላ ሱቅ ገባሁና፣ ምናልባት ሶኬቱ ይሆናል ጥፋተኛው ብዬ፣ ረጅም ገመድ ያለው ብዙ ቀዳዳ ያለው ነገር ልገዛ ፈለግሁ። እኛ አገር ስሙ ዲቫይደር ነው፣ እንግሊዝኛም ነው። "ዲቫይደር" አልኩ በኩራት። ሻጩ ኬንያዊ ወደ ጓዳ ገብቶ ተማሪ ርዝመት የሚለካበትን ባለ ሁለት እግር ሹል ብረት ይዞልኝ መጣ። በእጄ የመሰካት ምልክት ሳሳየው ይበልጥ ግራ ገባው። ሹል ነገር ሶኬት ውስጥ ልሰካ ያሰብኩ መስሎት ብረቱን ቶሎ ከእጄ ተቀበለኝ።

ሀዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በካርቶን ታራግባለች። ሱቋ ጨለማ ነው። "ስቲማ ጠፍቷል እህቴ፣ ግቢ" አለችኝ። ስቲማ የሚሉት መብራቱን ነው። የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ሰዉ ሁሉ እንደኛው "ጠፋ" ነው የሚለው።

ቻርጀሬን ተቀብላ በስልኳ ባትሪ አበራችበት። ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበችው። "አቦ፣ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ አርባ ይላል። ይሄ ያገኘውን የሚበላ ነው፤ ትራንስፎርመር ልሽጥልሽ ብል ራሴን ነው የምሰድበው።"

"ታዲያ ለምን አይሠራም?"

"መብራት ቢኖር እዚሁ ሰክቼ አሳይሽ ነበር። ወይ አዳፕተርሽ የማይረባ ነው፣ ወይ እሱ አርፏል።" የመርካቶውን አዳፕተሬን አገላብጣ አየችና ቅር እንዲለኝ አድርጋ ሳቀች። "ይሄን ጨዋታ አታምጪብኝ።" ጥሩውን ሸጠችልኝ። የእኔን ዓይነት ቻርጀር ግን እሷም ጎረቤቶቿም የላቸውም።

ስመለስ አዲሱን አዳፕተር ይዤ ቀጥታ ወደ ሶኬቴ ሄድኩ። ሰካሁ። ምንም። አልጋው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የምደብቀው ነገር የለም። ሚስማሩ ነው የታየኝ።

እህቴ ደክሟት ገባች። "በስልክ ላንሳሽና አሳጥቤ ልስቀለው፤ ከየት እንደመጣ እማዬ አታውቅም" አልኳት።

ጫማዋን እያወለቀች አየችኝ። "እማዬን እኔ አላታልላትም። ፎቶ ከሌለ ሪባኑን አልቆርጠውም፤ ሰዉ በጓዳ በር ገብቶ ይብላ።" ቀልድ መሰለኝ። ፊቷን ሳየው ግን ቀልድ አይደለም።

ቅዳሜ፣ ሁርሊንግሃም

ምግብ ቤቷ ዋናውን መንገድ ለቀቅ ብሎ፣ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። በሩ ላይ አረንጓዴ ሰሌዳ፦ "አዳማ ምግብ ቤት"። በሩን አቋርጦ ቀይ ሪባን። እንግዶች ገና ሳይሞሉ ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ቻርጀሬን ከነተስፋዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ።

እህቴ ነጭ ሽርጥ አድርጋ፣ ሁለት እጇ እስከ ክንዷ ሊጥ ሆኖ የዳቦ ታቦካለች። አጠገቧ ቲማቲም የሞላ መፍጫ አለ። እጇ ስለቆሸሸ ጎንበስ አለችና ግድግዳው ላይ ያለችውን ማብሪያ በክርኗ ጫን አደረገች። እንኳን ልታያት ዘወርም አላለች። ቀይ መስመር ብቅ አለች፣ መፍጫውም ጮኸ።

ቀዩ ብቅ ሲል ነው የጮኸው።

"እታለም፣ ቀዩ ሲታይ ነው እንዴ የሚሠራው?"

"ታዲያ ሲደበቅ ይሠራል?" ካለች በኋላ ፊቴን አየችው። ነገሩ ገባት። "ቤቲ፣ ያንን ክፍል ሶኬት እኔ አብርቼው ነበር እኮ። አጠፋሽው?"

ሳቋ ከመፍጫው በለጠ። በሊጥ እጇ አፏን ስለማትይዝ ትከሻዋ ላይ ፊቷን ቀብራ ሳቀች። አስተናጋጆቹም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሳቁ። እኔ ቻርጀሩን ሰካሁ፣ ቀዩን አሳየሁት፣ ቢጫው በራ። ዕድሜ ዘመኔን እንዲህ ያማረ ቢጫ አላየሁም።

ችግሩ አሁን ጊዜ ነው። ባትሪው ባዶ ነው፣ እንግዳው ገብቷል፣ የቤተ ክርስቲያኗ ፓስተርም መጥተው ሪባኑ ፊት ቆመዋል። እህቴ እጇን ታጥባ ወጣችና ጠጋ ብላ "ፓስተር፣ ዛሬ ዘርዘር አድርገው ይጸልዩልን" አለቻቸው።

ፓስተሩ እንዲህ ያለ ልመና ሰምተው የሚያውቁ አልመሰለኝም። ፊታቸው በራ። ስለ ኢትዮጵያ ጸለዩ፣ ስለ ኬንያ ጸለዩ። ስለ ስደተኛው፣ ስለ ነጋዴው፣ ስለ ሹፌሩ ጸለዩ፤ ካማው አሜን አለ። ጎመን ስለሚያመጡት ገበሬዎች፣ ስለ ማቀዝቀዣው፣ ስለ ውሃው ቧንቧ ጸለዩ። የሚጠብቁት ሰዎች ከአንድ እግር ወደ ሌላው እግር ይዛወሩ ጀመር። እኔ አንድ ዓይኔን ገለጥ አድርጌ በጓዳው በር ቢጫዋን አያለሁ። ፓስተሩ ሊጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ እህቴ "አሜን፣ ልጆቻችንንም" ብላ አስቀጠለቻቸው።

ሲያበቁ ባትሪዬ ትንሽ ነፍስ ዘርቷል። ሪባኑ ሲቆረጥ አነሳሁ። ከፓስተሩ ጋር አነሳኋት። ሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ሰሌዳው ሥር አነሳኋት፤ እናቴ ያዘዘችው እሱን ነው። ከዚያ እህቴ ቀሚሱን በሽርጧ ቀይራ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች፣ ትእዛዝ ተከምሯላ። ተከትያት ገባሁ። እጇ መልሶ ሊጥ ሆኗል፣ መፍጫው ይጮኻል፣ እሷ በጩኸቱ ላይ በስዋሂሊ ታዝዛለች፣ በአማርኛ ትቆጣለች። ይህ ሁሉ ጓዳ የሷ ነው። ልቤ ሞላ፣ እውነቴን ነው፤ ከካሜራዬ ሌላ በምንም እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። "እታለም" አልኳት። ቀና ስትል አነሳኋት። ካሜራው በዚያው ተዘጋ።

ሰኞ፣ አዳማ

ሁለቱን ፎቶዎች ስቱዲዮዬ ውስጥ አሳጥቤ ለእናቴ አመጣሁላት፦ በሐበሻ ቀሚስ ያለችውንና በሽርጥ ያለችውን። የመጀመሪያውን "ታምራለች" ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሁለተኛውን መስኮቱ አጠገብ ወስዳ ብዙ አየችው። ክንዷን አየች፣ ሊጡን አየች፣ በጣቷ የእህቴን ጉንጭ ነካች። ከዚያ ጣቷ ከእህቴ ትከሻ ጀርባ ግድግዳው ላይ ቆመ።

"ይቺ ቀይ ነገር ምንድን ናት?"

"ማብሪያ ናት እማዬ። እነሱ ጋ ቀዩ ሲታይ መብራት አለ ማለት ነው።"

እናቴ ፎቶውን ሚስማሩ ላይ ሰቅላ፣ አንድ ጊዜ አቃናችና ወደ ኋላ ተመለሰች።

"መብራት እንዳለ ለማወቅ ቀይ ምን ያስፈልጋል" አለች። "እሷ ቆማ እየታየች።"