ከደረጃዬ ሥር የቀረው ደንበኛ

ይህ የሆነው አምና ጥቅምት ላይ፣ በገበያ ቀን ነው። ዓመት አለፈው፤ እኔ ግን ሱቄን በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ይሆናል።

መሐል ሜዳ ከተማ፣ መናኸሪያው አጠገብ ለስላሳ፣ ቢራና ዳቦ የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ። ክረምት ጎርፍ እንዳይገባባት ከፍ ባለ የድንጋይ ካብ ላይ ነው የተሠራችው፤ አራት ደረጃ ተወጥቶ ነው የሚገባው። ጠርሙስ ይዞ የሚሄድ ሰው መያዣ ያስይዛል፣ ስሙን እጽፋለሁ፣ ባዶውን ሲመልስ መያዣውን ይወስዳል። አንዳንዱ የተሸረፈ ጠርሙስ በሰው እጅ እየላከ ሲያታልለኝ ጊዜ ተናደድኩና ካርቶን ላይ ጽፌ ሰቀልኩ፦ "ጠርሙስ የሚመልሰው ስሙ የተጻፈው ሰው ራሱ ነው። ባንኮኒው ላይ በእጁ ያስረክብ።" ቁጡ ነኝ፣ አልዋሽም። በዚያች ጽሑፍ እንዲያውም ኮርቼባት ነበር።

የዚያን ቀን ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጋቢዬን ተከናንቤ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጫለሁ። እዚያ ስቀመጥ ከደረጃው ሥር ያለ ሰው አይታየኝም፤ ድምፁን ብቻ ነው የምሰማው። በገበያ ቀን ደግሞ ከታች የሚጣራ ሁሉ የኔ ቢጤ ይመስለኛል።

"እትዬ! እትዬ፣ አንዴ!" አለ አንድ የወንድ ድምፅ።

ቀና እንኳ ሳልል "እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ" አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ ደገመ። "እትዬ፣ እባክዎ ብቅ ይበሉልኝ፤ እኔ መውጣት ስላልቻልኩ ነው።"

"እግዜር ይስጥህ አልኩህ እኮ!" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ሦስተኛ ሲጣራ ጊዜ ልቤ ራራ፣ ወይም ሰለቸኝ፤ የትኛው እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። አንድ ዳቦ አንስቼ ወጣሁና ፊቱን ሳላይ እጄን ዘረጋሁለት።

አልተቀበለኝም። ዝቅ ብዬ ሳይ፣ በእጅ በሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ጎልማሳ ነው። የሸሚዙ ኮሌታ የተተኮሰ፣ አንገቱ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር የተንጠለጠለ። እግሩ ማሳረፊያ ላይ አንድ ሣጥን ባዶ ጠርሙስ ይዟል። ሣጥኑ ደግሞ የእኔ ነው፤ ቀይ ቀለም የቀባሁት ራሴ ነኝ።

"ዳቦውን ሌላ ቀን እገዛለሁ፣ እትዬ። ዛሬ የመጣሁት ጠርሙስዎን ልመልስ ነው" አለኝ።

ጎረቤት ሱቅ በር ላይ የቆሙት ሳቁ። ወይ ውርደት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ማለት ሲገባኝ ጭራሽ ባሰብኝ፤ ሲያፍር የሚቆጣ ሰው አለ አይደል፣ እኔ እንደዚያ ነኝ።

"ታዲያ አንድ ሰው ጥራና ያስገባልህ! እዚህ መንገድ ላይ አልቀበልም" አልኩት።

አንድ መንገደኛ "እኔ ላውጣለት" ብሎ ሣጥኑን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ሰውዬው በእጁ ከለከለው።

"ትናንት በጎረቤቴ እጅ ልኬ ነበር" አለኝ። "'ስሙ የተጻፈው ሰው ራሱ ይምጣ' ብለው መለሱብኝ። ይኸው መጣሁ። ከላይኛው ሰፈር እስከዚህ ድረስ ኮብልስቶኑን በክንዴ ስዘውር ነው ያረፈድኩት። የልጄ ክርስትና የተጠጣበት ነው፤ በእጄ ላስረክብዎትና ልሂድ።"

ክው አልኩ። ጎረቤቱን አስታወስኩት፤ በገዛ አፌ ነው የመለስኩት። ራሱ ይምጣ አልኩ፣ ራሱ ሲመጣ ሰው ይላክ አልኩ። ታዲያ ይህ ሰው በየት በኩል ይግባልኝ?

ዳቦውን አስቀምጬ ወረድኩና መጨረሻው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። "አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ። በል አንድ በአንድ ስጠኝ" አልኩት። እሱም እያንዳንዱን ጠርሙስ ከመስጠቱ በፊት አፉን ዙሪያውን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። ከመርፌ ጋር የኖረ ጣት ነው፣ ምንም አያመልጠውም። አንዷን ለይቶ ጎኑ ሸጎጣት። "ይቺ ተሸርፋለች፣ እንዳይቀበሉኝ" አለ። እኔ ብሆን አላያትም ነበር።

ጨርሰን መያዣውን እጁ ላይ ሳስቀምጥለት፣ ከገበያ የሚመለሱ አንዲት አሮጊት ቆም ብለው አዩን። "ጽድቅ ነው ልጄ፣ እግዜር ይቁጠርልሽ" ብለው መረቁኝ።

ያኔ እንባዬ መጣ። "ኧረ እማማ፣ ምጽዋት አይደለም! የራሱን ነው የምመልስለት!" ብዬ ጮህኩ። መንገደኛው ሁሉ ዞረ። ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

"ይተዉዋቸው፣ እትዬ። እኔ ለምጄዋለሁ" አለ።

ያቺ "ለምጄዋለሁ" እስካሁን ከውስጤ አልወጣችም። ያን ያህል ሰው ዳቦ ዘርግቶለታል ማለት ነው።

በማግስቱ ካርቶኑን ቀድጄ ጣልኩት። ከደረጃው ሥር አግዳሚ ወንበር አስቀመጥኩ፤ ከታች የሚሳብ ገመድ ያለው ደወልም አሰርኩ። አሁን ጠርሙስ የምቀበለው እዚያ ነው፣ ከማንም ሰው። እርጉዞችም፣ ጉልበታቸው የከዳቸው ሽማግሌዎችም እፎይ አሉ። እስከዚያ ድረስ ስንቱ በልቡ ሲረግመኝ እንደኖረ እንጃ።

ተለወጥኩ ብዬ ግን አልዋሽም። ዛሬም ከታች ድምፅ ስሰማ "እግዜር ይስጥህ" አፌ ላይ ይቀድመኛል። ከንፈሬን ነክሼ ነው የምነሳው።

ልብስ ሰፊው በዚያው ዓመት ለፋሲካ ሌላ ሣጥን ሊወስድ መጣ። ደወሉን ሳበ፣ ወረድኩ።

"ዳቦም አለ?" አለኝ።

"አለ" አልኩት።

ሁለት ወሰደና ብሩን ዘረጋልኝ። ተወው፣ የእኔ ግብዣ ይሁን ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዝም ብዬ ተቀበልኩት።