ጨረቃ በጥንብ አንሳዎች መካከል

ባለፈው ሳምንት ሰመራ ላይ ከልጅ ልጄ ጋር ባጃጅ ስንጠብቅ የአንድ ጥንብ አንሳ ጥላ አስፋልቱን አቋርጦ በላያችን አለፈ፤ ልጅቷም ደብተሯን ራሷ ላይ ደፍታ «አያቴ፣ ጥላው ያረፈበት ሰው ይሞታል አሉ!» ብላ ጉያዬ ተወሸቀች። ሳቄ መጣ። እኔ በዚያ ጥላ ሥር አድጌ ይኸው ስድሳን ተሻግሬአለሁ።

በደርግ ዘመን፣ ከወሎ የመጣው አባቴ አዋሽ ላይ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ሱቅ ነበረው። ከሱቃችን ጀርባ የከብት ማረጃው ሜዳ አለ፤ የናፍጣ፣ የአቧራና የደረቀ ደም ሽታ ተቀላቅሎ ከሚመጣበት ከዚያ ሜዳ ዳር፣ አንድ ትልቅ ግራር ላይ፣ ጥንብ አንሳዎቹ ለዕርቅ እንደተጠሩ ሽማግሌዎች ትከሻቸውን ሰብቀው ይውሉ ነበር።

አንድ ዓመት ዝናብ ጠፋና የፍየል ግልገሎች ይሞቱ ጀመር። ወተት የምታመጣልን አፋሯ ጎረቤታችን አይሻ በአንድ ሳምንት ሦስት አጣች፤ በየበድኑ ላይ የተገኘው ጥንብ አንሳ ነውና ጥፋቱ በእሱ ተላከከ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ በቀለ ስብሰባ ጠርተው አሞራዎቹን «ጸረ-ሕዝብ» ብለው ፈረጇቸው፤ በመርዝ የተለወሰ ሥጋ ሜዳው ላይ እንዲጣልላቸው ሐሳብ አቀረቡና እጅ ሁሉ ወጣ።

የባዮሎጂ አስተማሪያችን መምህር ታፈሰ ብቻ እጃቸውን አላወጡም። ቀጭን፣ ረባሽ ሲቆጡ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቁ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። በዚያ ዘመን ብቻውን የተለየ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁሉም ያውቃል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ስሙ ራሱ ጥንብ አንሳ እንጂ ነፍስ አንሳ አይደለም» አሉ። «ጥፍሩ ሕያው ለመያዝ አቅም የለውም። በበሽታ የሞተውን በልቶ በሽታውን ሆዱ ውስጥ ያስቀረዋል። እሱን ከጨረስን ጥንቡን ማን ያነሳልናል?»

«ማስረጃ!» አሉ ጓድ በቀለ።

«አንድ ግልገል ስጡኝ፤ ነገ ጧት ሜዳው ላይ ልሰረው።»

ማን ይስጥ! እኔ ግን አይሻ የሰጠችኝ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ያላት ጨረቃ የምትባል ግልገል ነበረችኝ። ደግሞም የማውቀው ነገር ነበር፤ የጨረቃ መንትያ አጥሩ ሥር በድን ሆና ሳያት ሰማዩ ላይ አንድም አሞራ አልነበረም፤ የጠየቀኝ ስላልነበር ዝም ብዬ ነበር። ከአባቴ ጎን ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

«ዘይነባ፣ ተቀመጪ!» አለ አባቴ።

«ወላሂ አይቻለሁ፣ አባዬ! አሞራው የመጣው ከሞተች በኋላ ነው። የኔን ውሰዱ።»

በማግስቱ አዋሽ ሥራ ፈትቶ ሜዳው ዳር ተሰለፈ። እኔ ጨረቃን ችካል ላይ አሰርኳት፤ መምህር ታፈሰም ከጎኗ የበሬ ሆድ ዕቃ ዘረገፉ። ጥንብ አንሳዎቹ እየተንሿሹ ወረዱ፤ ጨረቃ ጮኸች። እነሱ ግን በአጠገቧ እየዘለሉ አልፈው ሆድ ዕቃው ላይ ተረባረቡ፤ እሷን ዞሮ ያያት የለም። ጥቂት ቆይታ ድፍረት አገኘችና ገመዷን ታኝክ ጀመር። አንዱ ግዙፍ በግፊያው ተገፍቶ ሲጠጋትማ አንገቷን ደፍታ በግንባሯ ወጋችው፤ ያ ሁሉ ክንፍ ተዘርግቶ ወደ ኋላ ሸሸ!

መጀመሪያ እልል ያለችው አይሻ ናት። ከዚያ ሜዳው በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ፤ አባቴ አንሥቶ ትከሻው ላይ አስቀመጠኝ። ጓድ በቀለ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ሰርቶ አደር መሆናቸው ተረጋግጧል! ውሳኔው ተሽሯል!» አሉና መርዙን በገዛ እጃቸው ጉድጓድ ውስጥ ቀበሩት። በዚያው ሳምንት መምህር ታፈሰ የእንስሳት ሐኪም አስመጥተው የአይሻን ፍየሎች መርፌ አስወጉ፤ ሞቱም ቆመ።

መምህር ታፈሰ በዓመቱ ተዛውረው ሄዱ፤ ግራሩ ለከሰል ተቆረጠ፤ አባቴም አርፎ አዋሽ አርባ ተቀብሯል። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ሥራ ስኖር ስንቱን ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ሁሉም እጁን ያወጣበት ውሳኔ አንድ ሰው «እስኪ ወጥተን እንየው» ስላለ ብቻ ሲሻር ግን ዳግመኛ አላየሁም።