ከማል ነግሮኝ ነበር

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። ነፍስ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስናዘዝም ይህችን እየዘለልኩ ኖሬአለሁ። ስናገራት የሰማችሁኝ የመጀመሪያዎቹ እናንተ ናችሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ጎባ ላይ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። የመኪና ወንበርም አለብስ ነበር። አንድ ቀን የወይዘሮ የሺ ሾፌር፣ ከማል የሚባል የሮቤ ልጅ፣ አሮጌዋን የቤት መኪና ደጄ ላይ አቆመ። የውስጥ ጣራዋ ጨርቅ ከእርጥበቱ ብዛት ለቆ፣ እንደ ላም ጡት ተንጠልጥሎ የተሳፋሪውን ራስ ይነካል።

ሥራውን አውቀው ነበር፤ አላውቅም ነበር ብዬ አላመልጥም። አሮጌው ጨርቅ ይነሳል፣ ዝገቱና አቧራው ይፋቃል፣ አዲሱ ጨርቅ ላይ ማስገቢያ ይሰፋለታል፤ ጨርቁን ወጥረው የሚይዙት ቀጫጭን ብረቶች በዚያ ውስጥ ያልፋሉ። ጠርዙ በማስቲሽ የሚጣበቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኔ ግን ፋሲካ ደርሶ የሰው ቀሚስ ተከምሮብኝ ነበር። ብረቶቹን ነቅዬ ጣልኳቸው። አዲሱን ጨርቅ እዚያው አቧራው ላይ በማስቲሽ ለጠፍኩት። ከታች ሲያዩት ውጥር ያለ፣ ያማረ ነበር። ከማል አንገቱን አስግጎ አየና «እጅህ ይባረክ፣ ታደሰ» አለኝ። ምርቃቱን ተቀበልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣ።

«ከፊት በኩል፣ ከመስታወቱ በላይ መልቀቅ ጀምሯል። እስቲ እየው» አለኝ።

ከስፌት መኪናዬ ቀና እንኳ አላልኩም። «ከበዓል በኋላ አምጣት። እስከዚያ ምንም አትሆንም» አልኩት።

ምንም አትሆንም! በምን አውቄ?

በዓሉ ሳይደርስ፣ ወይዘሮ የሺን ከአጋርፋ ይዟቸው ሲመለስ፣ ቁልቁለት ላይ ጨርቁ ተገንጥሎ ፊቱን ሸፈነው። መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች። እሱ ተረፈ። የእሳቸው ዳሌ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አልሄዱም።

ሽማግሌዎች ወይዘሮ የሺ ግቢ ውስጥ ለዳኝነት ተቀመጡ። ከማል የሆነውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። ወይዘሮ የሺ ኋላ ወንበር ላይ አንቀላፍተው ስለነበር ያዩት ነገር የለም። ወንድማቸው ግን «ተኝተህ ነው የገለበጥካት!» ብሎ አፈጠጠበት። እኔን የሙያ ሰው ነው ብለው አስጠሩኝ። መኪናዋ እዚያው ተጎትታ መጥታለች። ጨርቁን ገልጬ አየሁት። ማስቲሹ ጣራውን ሳይሆን አቧራውን ይዞ ወርዷል። የእኔ ሥራ ነው፤ ከእኔ በቀር ግን የሚያውቅ አልነበረም።

«ይህ ጨርቅ በራሱ ይወድቃል?» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ።

«አይወድቅም፣ አባቴ። መኪናዋ ስትገለበጥ ነው የተገነጠለው።»

«መልቀቁን ነግሬዋለሁ ይላል እኮ።»

«አልነገረኝም።»

አልነገረኝም አልኩ። ነግሮኝ ነበር። በዚያው በአፌ፣ ፊቱ ቆሜ፣ አልነገረኝም አልኩ። ከማል አልጮኸም፣ አልሰደበኝም። «ወላሂ ነግሬዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። ለምን ዋሸሁ? እስር ፈርቼ? ደንበኛ እንዳይሸሸኝ? ወይስ እዚያ ግቢ ውስጥ የእኔ ቃል ከእሱ ቃል እንደሚበልጥ አውቄ? አዎ፣ አውቄ ነው። ሽማግሌዎቹ አብሬያቸው ጽዋ የምጠጣ ማኅበርተኞቼ ነበሩ። እሱን ማን ያውቀዋል?

ከማል ተባረረ። ከዚያ በኋላ ጎባም ሮቤም ላይ መኪናውን አምኖ የሚሰጠው ሰው አላገኘም። ሃረና ወርዶ የጫካ ቡና ለቃሚ ሆነ ሲባል ሰማሁ። ሰማሁና መስፋቴን ቀጠልኩ።

ከዓመታት በኋላ ሮቤ ገበያ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ልሸሽ ስል «አካም ጅርታ፣ ታደሰ?» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። መዳፉ ሻክሯል። የልጆቼን ደህንነት ጠየቀኝ። እጄን ግን አልለቀቀም፤ አንዲት ቃል ከእኔ የሚጠብቅ መሰለኝ። እኔ ስለ ዝናቡ አወራሁለት።

አሁን ከማል በሕይወት የለም። ልጁ ሮቤ አለች፤ አባቷ መሪ ላይ ተኝቶ ሰው አሰበረ ሲባል እየሰማች ያደገች ልጅ። ቤቷን አውቀዋለሁ። እስከ አጥሯ ሄጄ ተመልሻለሁ። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ለእሷ መንገር ሲገባኝ ለእናንተ የተናገርኩትም ድፍረት አግኝቼ እንዳይመስላችሁ። እናንተ ፊቴን አታዩትም።