ምላጭ ያልነካው ራስ

ጣርማ በር ላይ ያለ ትምህርት ቤት ቅማል ገባበት ሲባል የሚገረም ሰው ብርዱን አያውቀውም ማለት ነው። ጉሙ ከመኪና መንገዱ ዋሻ በኩል መጥቶ በተሰበረው መስኮት ሲገባ፣ የሁለተኛ ክፍል ልጆቼ አንድ ጋቢ ለሦስት ተከናንበው፣ ራስ ለራስ ገጥመው ነበር የሚያነቡት። የሱፍ ኮፍያ ያለው ለሌለው በየተራ ያውሰዋል። ቅማል ከዚህ የተሻለ ምን ድልድይ ትፈልጋለች? እኔ ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ ነኝና መምህርት ሆኜ እዚህ ስመደብ «ስለ ብርድ ለኔ አትንገሩኝ» ብዬ ፎክሬ ነበር። ለካ ደብረ ብርሃን ቆላ ኖሯል።

ኅዳር ላይ አንዱ ማከክ ጀመረ፤ ቀጥሎ ዴስኩ በሙሉ፤ ቀጥሎ ክፍሉ። «ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» እያልኩ አብሬያቸው ስስቅ ሰነበትኩ። ዳይሬክተራችን ግን አልሳቀም። ዕድሜው ከኔ እምብዛም የማይበልጥ፣ ክፋት የሌለበት ግን ችኩል ሰው ነው፤ ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ሰምቷል። ዓርብ ዕለት ልጆቹ ለባንዲራ እንደተሰለፉ፣ «ሰኞ ወንዱም ሴቱም ተላጭቶ ይምጣ! ያልተላጨ በዚህ በር አይገባም!» አለ።

ሰኞ ሜዳው በተላጨ ራስ ተሞላ። ሴቶቹ ሻርፓቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው የሚገቡበት ጠፍቷቸዋል። ክፍል ገብቼ ሳይ ደግሞ አንድ ቦታ ባዶ ነው። የቄሱ ልጅ፣ የክፍሉ አንደኛ አንባቢ፣ ፀጉሯ ወገቧ ላይ የሚደርሰው ልጅ አልመጣችም።

ከሰዓት ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን ሱፍ ትፈትላለች፤ ልጅቷ አጠገቧ ናት።

«እትዬ፣ ልጅዎን ምነው አስቀሯት?» አልኳት።

«እቴ፣ ከሷ በፊት ሁለት ቀብሬያለሁ። ይችን የሰጠችኝ እመቤቴ ናት። ለግንቦት ልደታ አባቷ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ እስኪቆርጥላት ድረስ ምላጭ አይነካትም ብዬ ተስያለሁ። ስለቴን አላፈርስም።»

«ትምህርቷስ?»

«ለከርሞ ትደርስበታለች።»

እኔ ደግሞ «ለከርሞ» የተባለች ሴት ልጅ ተመልሳ ስትመጣ አላየሁም። ዘንድሮ በግ ትጠብቃለች፤ ከርሞም በግ ትጠብቃለች፤ ከዚያ የትዳር ጠያቂ ይመጣል። ያቺን ልጅ ለቅማል ብዬ አልለቃትም አልኩ በሆዴ። ግትር ነሽ እያሉ ያሳደጉኝ በከንቱ አልነበረም።

በዚህ መሃል ቄሱ ከበረት በኩል አንድ ጠርሙስ ይዘው መጡ። «ችግር የለም መምህርት፣ ዛሬ አጥባታለሁ» አሉኝ። ጠርሙሱን ሳሸተው የበግ መዥገር መድኃኒት ነው።

«በጎቼን እኮ በአንድ ቀን ነው ያጸዳልኝ» አሉ፣ እውነትም ደስ ብሏቸው።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ በግ ቢሞትብዎ ሌላ ይገዛሉ!» ብዬ ጠርሙሱን ከእጃቸው ነጠቅሁ። ከቄስ እጅ ነጥቄ አላውቅም። እሳቸው ግን ልጃቸውን አዩ፣ ጠርሙሱን አዩና ክዳኑንም አቀበሉኝ።

«ምላጭ አይንካት። ማበጠሪያ ግን ይንካት፤ እኔ አበጥራታለሁ» አልኩ።

ቄሱ ወዲያው ተስማሙ። እናትየዋ ናት የከበዳት። «ተያት እቴ፣ ቅማል የሌለበት ልጅ የት አለ?» እያለች እንዝርቷን ታሾራለች። ለምን እንደከበዳት አልገባኝም፤ ንቀት መስሎኝ ተናድጄም ነበር። በኋላ «እንግዲህ እንዳልሽ» አለች።

ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ወርጄ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ማበጠሪያ ገዛሁ። ከዚያ ወዲያ ክፍል እንደለቀቅሁ ቀጥታ ወደነሱ ቤት ነው። ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር ነጭ ጨርቅ አንጥፌ፣ ፀጉሯን በሞቀ ውሃና በሳሙና አጥቤ፣ ቅቤ አስነክቼ፣ ከሥር እስከ ጫፍ ቀስ እያልኩ አበጥራለሁ። እሷ ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ አስደግፋ የዕለቱን ምንባብ ታነብልኛለች፤ ከቤት ዋልሽ ብዬ ትምህርት አላስቀርባትም። ማበጠሪያው ሲይዛት «ኧረ ቲቸር!» ትላለች፤ «ቀጥይ!» እላታለሁ። ቅማሏስ ትወርዳለች። መከራው ቅጫሟ ነው፤ ፀጉር ሥር ሙጥኝ ትላለች፤ ተውኳት ስትል ትፈለፈላለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ስለ ቅጫም ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ እኔንም ራሴን አሳከከኝ። በመስታወት አይቼ አንዲቷን ያዝኳት። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ቀጥሎ ደስ አለኝ። በነጭ ወረቀት ጠቅልዬ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት።

«ምንድን ነው?»

«ቅማል ናት። ከራሴ ነው ያወጣኋት። ያልተላጨ በዚህ በር አይገባም ብለሃል፤ ልላጭ ወይስ ልቅር?»

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «እባክሽ ቀልዱን ተዪው።»

«አልቀለድኩም። ሂሳብ ክፍለ ጊዜ ተደውሏል፤ እኔ ደግሞ በሕግህ መሠረት ግቢው ውስጥ መገኘት የለብኝም።»

ቀጠልኩ፤ አንዴ ከጀመርኩ አልመለስም። «ያስላጨሃቸውም ፀጉራቸው ብቅ ሲል መልሰው እያከኩ ነው። ማታ ከእናትና ከታናናሾቻቸው ጋር በአንድ ባና ሥር ነው የሚተኙት። እነሱንስ ማን ላጫቸው?»

ዳይሬክተሩ ሳይታወቀው ጆሮ ግንዱን አከከ። ሁለታችንም አየነው፤ እሱ ቀድሞ ሳቀ። «እሺ። የቄሱ ልጅ ሳትላጭም ንጹሕ ከሆነች ትግባ። ግን ራሴ ነኝ የማየው፤ አንዲት ቅጫም ካገኘሁ ትመለሳለች» አለኝ። ይሄ በቂዬ ነበር።

ያን ሰሞን ሌሎች እናቶችም ልጆቻቸውንና ራሳቸውን ይዘው ወደዚያ ግድግዳ መምጣት ጀመሩ። አንዷ የሌላዋን ትፈትሻለች፤ የኔንም ራስ ሁለት ሴቶች እየተሳሳቁ አበጠሩልኝ። ክፍል ውስጥ ኮፍያ መዋዋስ ከለከልኩ፤ ያኮረፈ አኮረፈ።

ከብዙ ማበጠር በኋላ አንድ ቀን ማበጠሪያው ባዶውን ወጣ። ደገምኩት፤ ባዶ። ጨርቁ ላይ ከተነቃቀለ ፀጉር በቀር ምንም የለም። «እትዬ፣ ይኸው፤ ነገ ትምህርት ቤት ነን!» ብዬ ጨርቁን እንደ ጀግና አሳየኋት።

እናትየዋ ጨርቁን ተቀበለችኝ፤ ገልበጥ አድርጋ አየችው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ማልቀስ ጀመረች።

«ምን ሆኑ እትዬ?»

«የበኩር ልጄ ታማ ነበር» አለችኝ። «ጠዋት ስነቃ ቅማሉ ከራሷ ወርዶ ትራሱ ላይ ይርመሰመሳል። ምን ሆኖ ነው ብዬ ብነካት ቀዝቅዛለች። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ቅማል በድን ላይ አይቆይም እቴ። ይችን ማታ ማታ ራሷን ሳይ አንዲት ካገኘሁ፣ ልጄ አለች ብዬ ነው የምተኛው። አሁን ምን አይቼ ልተኛ?»

ለስንት ሳምንት ንቀት የመሰለኝ ነገር ይሄ ነበር። ልጅቷ መጽሐፏን እንደያዘች እናቷን ታያለች። የእናትየዋን እጅ ያዝኩና መዳፏን ልጇ አናት ላይ፣ ፀጉሩ በተከፈለበት በኩል አስቀመጥኩት።

«ይሞቃል?» አልኳት።

መዳፏን ጫን አድርጋ፣ «ይሞቃል» አለችኝ።

«ማታ ማታ እንደዚህ ይንኳት።»

በማግስቱ እኔን፣ ልጅቷንና እናቷን ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ፀጉሯን በእስክሪብቶ ጫፍ እየከፈለ ከጆሮዋ ጀርባ፣ ከማጅራቷ፣ ከአናቷ አየ፤ እንደገና አየ። መጨረሻ ላይ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተና «ግቢ» አላት።

ልጅቷ ግን አልገባችም። ወደ እናቷ ዞራ ራሷን ዝቅ አደረገችላት። እናቷ እጇን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ አናቷ ላይ አሳረፈች።

«ትሞቃለች» አለችኝና ለቀቀቻት።